አርባ ደቂቃ

ሊባኖስ የወንድሙን አሟሟት ለእናቱ ሲነግር ዋሽቷል። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሐኪሙ በስዊድንኛ የተናገረውን ወደ አማርኛ የመለሰው እሱ ነበር። ወንድሙ ሰላምሰገድ ሶለንቱና በተባለ ሰፈር በሚኖርበት ፎቅ ቤት ደረጃ ላይ በስለት ተወግቶ ከወደቀ በኋላ አርባ ደቂቃ ያህል በሕይወት ቆይቶ ነበር። ሊባኖስ ግን «ወዲያው ነው ያረፈው፤ ምንም አልተሰማውም» አላቸው። እናቱ ወይዘሮ ጽጌ ይህችን ቃል ይዘው ኖሩ። የገዳዩ ጉዳይ ሲታይም ሊባኖስ ፍርድ ቤት አልወሰዳቸውም።

አንድ ቅዳሜ የሊባኖስ ልጅ ያኔት ማዳመጫዋን ከጆሮዋ እያወጣች ወደ ኩሽና መጣች። ሰሃን ስታጥብም ባቡር ላይም እውነተኛ የግድያ ታሪክ የሚተርክ ፖድካስት ከጆሮዋ አይጠፋም።

«ፓፓ፣ ይሄ የአጎቴ ታሪክ ነው» አለች በስዊድንኛ።

አብረው ሰሙት። ሁለት ሴቶች እየተቀባበሉ ይተርካሉ። የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ከዚያ ተዋናይ የሚያሰማው ማቃሰት። አርባው ደቂቃ ሳያልቅ ትረካው ተቋርጦ የፍራሽ ማስታወቂያ ገባ።

«ሌሎቹንም እንዲህ ነበር የምሰማቸው» አለች ያኔት።

ሰኞ ሊባኖስ ወደ ፕሮግራሙ አዘጋጅ ደወለ። ትሑት ሴት ነበረች።

«ፍርዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሰነድ ነው» አለችው። «ስሙንም አልጠራንም።»

«ሰፈሩን ጠርታችኋል። ለኛ ሰው ይበቃል። እናቴ ይህን አታውቅም።»

«ከልቤ አዝናለሁ። ግን ስንት ሺህ ሰው ሰምቶታል፤ ዛሬ ከኢንተርኔት ባነሳውስ ምን ይጠቅማችኋል?» አለች።

ክፉ ሰው ናት ብሎ ለማሰብ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ያለችውም እውነት ነበር። ያኔት የሰማችውን ሌሎች ልጆችም ይሰማሉ፤ ልጆቹ ለእናቶቻቸው ይነግራሉ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አንዷ ወይዘሮ ጽጌን አቅፋ ታለቅሳለች።

ስለዚህ ረቡዕ ማለዳ የአባቱን ጓደኛ አቶ ወልደማርያምን ይዞ እናቱ ወደሚኖሩበት አልቢ ሄደ። እናቱ በሩን ከፍተው ሁለቱን ሲያዩ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ሽማግሌ ይዘህ በማለዳ ምን አመጣህ?»

«ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ጽጌ» አሉ አቶ ወልደማርያም።

ሊባኖስ እንደቆመ ሁሉንም ነገራቸው። ወይዘሮ ጽጌ አልጮኹም። «አርባ ደቂቃ» አሉ ብቻ።

«ብቻውን ነበር?»

«አይደለም። ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ አሮጊት ወጥተው ራሱን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ እጁን ይዘው ያዋሩት ነበር። ፍርድ ቤት መስክረዋል።»

«ያ ፕሮግራም ይህንንም አወራ?»

«አላወራም። እሳቸውን ትተዋቸዋል።»

«አንተም ትተሃቸዋል።»

ሊባኖስ አንገቱን ደፋ። ሴትየዋን ሊደብቅ አስቦ አልነበረም። ግን አንዴ «ወዲያው» ካለ በኋላ እጁን የያዘ ሰው ሊኖር አይችልም ነበር።

ወይዘሮ ጽጌ ተነሥተው ካፖርታቸውን ከመስቀያው አወረዱ። የካፖርቱን ቁልፎች ሊባኖስ ቆለፈላቸው።

«አሮጊቷ እስካሁን እዚያ ይኖሩ እንደሆን አላውቅም፣ እማዬ።»

«ሄደን እንጠይቃለን።» ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «አቶ ወልደማርያም፣ እርስዎም ይምጡ። እንዲህ ያለ ምስጋና ያለ ሽማግሌ አይሆንም።»