ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ

ደስታነሽ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለች አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንግዳ ስትቀበል ነው የሸበተችው። ድሮ ሥራው ቀላል ነበር። የመጣውን ሰላም ትላለች፣ መቀመጫ ታሳያለች፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላልያዘ ታውሳለች። ወጣቶቹ ሐይቅ ዳር በአንድ ሆቴል አዳራሽ ወደሚሰበሰብ አዲስ ጉባኤ መሄድ ከጀመሩ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። እዚያ ባለቀለም መብራትና ትልቅ ስክሪን አለ፣ ከአምልኮ በኋላም ማኪያቶ ይጋበዛል ተባለ። የእነ ደስታነሽ የፕላስቲክ ወንበሮች ከኋላ ጀምሮ ባዶ እየሆኑ መጡ።

ፓስተር ኤልናታን በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ጉባኤው እንዳይበተንበት ብዙ ደከመ፤ አዲስ አበባ ሄዶ ሥልጠና ወሰደ፣ ተመልሶም አገልጋዮቹን ሰብስቦ አስተማረ። እንግዳ ገና ከበር ሲገባ ፈገግታ፣ ከዚያ ስም፣ ከዚያ ስልክ ቁጥር። መዝሙር ሲያልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት እንዲነሡ ይጠየቃሉ፣ ጉባኤው ያጨበጭብላቸዋል፣ ከመዘምራኑ አንዷ ሄራን ፎቶ ታነሣለች፣ ፎቶው በፌስቡክና በቴሌግራም ይለቀቃል። በሳምንቱ መሐል ደስታነሽ ደውላ ናፍቃችሁናል ትላለች። አንዴ ብቻ ያየችውን ሰው ናፍቀኸኛል ማለት አፏ ላይ ይከብዳት ነበር። እሑድ ከሰዓት ቤቷ ስትገባ ጉንጯን ያማታል፤ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ፍዝዝ ብላ ትቀመጣለች።

አንድ እሑድ ጥቁር የለበሰች ሴት መጣች፤ ሮማን ትባላለች። ከወንድሟ ከጌታቸው ጋር ጨርቅ ትሸጣለች፤ ከጉራጌ የመጣ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ ናት። እናቷን ከቀበረች ብዙም አልቆየች። ደስታነሽ እንደተማረችው ፈገግ ብላ ስሟንና ስልኳን ጠየቀቻት። ሴትየዋም ለመከራከር አቅም እንዳጣ ሰው ሁሉንም ሰጠቻትና ከኋላ ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ ተነሡ ሲባል ሮማን አልተነሣችም። አጠገቧ የነበረ አስተናጋጅ ክንዷን ይዞ አስነሣት። ሰው አጨበጨበ። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፣ ሄራንም ፎቶ አነሣቻት። ከሰዓት በኋላ ፎቶው ተለቀቀ። ከሥሩ እህታችን ዛሬ ጌታን ተቀበለች፣ እናንተም ኑ፣ እንባችሁ ይታበሳል የሚል ተጽፎበት ነበር።

ረቡዕ ደስታነሽ ደወለች። ሮማን ስልኩን አነሣች። ቀስ እያለች የሆነውን ነገረቻት። ፎቶው የአክስቶቿ ስልክ ድረስ ደርሷል። ቤተሰቡ የእናቷን አርባ ለማውጣት እየተዘጋጀ ሳለ የእናቷ አፈር ሳይደርቅ ሃይማኖቷን ለወጠች ተብሎ ተወራ። ጌታቸው አላናግርሽም ብሏታል። ለተዝካሩ የሚሠራውን ምግብም እንዳትነካ ተነግሯታል።

"እትዬ፣ እኔ ምንም አልለወጥኩም" አለች። "ቤታችን ለቀስተኛ ሞልቷል፤ ሁሉም በቃሽ፣ ዝም በይ ይለኛል። ማንም የማያውቀኝ ቦታ ላልቅስ ብዬ ነው የገባሁት።"

ደስታነሽ ስልኩን ዘጋች። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ሄደች። ኤልናታንን ኮምፒውተሩ ፊት አገጩን ተደግፎ አገኘችው። ነገሩን ስትነግረው ደነገጠ፤ እዚያው እያየችው ፎቶውን አጠፋው።

"ከገጻችን እንጂ ከሰው ስልክ አልጠፋም፣ ፓስተር። አብረን ሄደን ለቤተሰቡ መናገር አለብን" አለችው።

ኤልናታን ዓይኑን አሸ። የጉባኤው ሽማግሌዎች በየሳምንቱ አዲስ ሰው የታለ እንደሚሉት፣ የሐይቅ ዳሩን ጉባኤ ገጽ እያዩ እንደሚያወዳድሩት ነገራት። እኔም ደክሞኛል አላት። ደስታነሽ አዘነችለት፤ ቢሆንም ከወንበሩ እስኪነሣ ቆማ ጠበቀችው።

በአርባው ቀን ባህል አዳራሽ አካባቢ ወደተተከለው ድንኳን ሄዱ። ጌታቸው ማን እንደሆኑ ሲሰማ መግቢያው ላይ ቆመ። ኤልናታን ሰው ሁሉ እየሰማው ተናገረ።

"እህትዎ ሃይማኖቷን አልለወጠችም። ሐዘን ላይ ያለችን ሰው ፎቶ አንሥተን ያልሆነውን የጻፍነው እኛ ነን። ልንሰብካችሁ አልመጣንም፤ ይቅርታ ልንጠይቅ ነው።"

"ፎቶውን ያየው ሰው ግን ይኼን አልሰማም" አለ ጌታቸው።

ኤልናታን በዚያው ገጽ ላይ እንደሚጽፈው ቃል ገባ። ጌታቸው ከመግቢያው አልተነቃነቀም፤ አንዲት አሮጊት አክስት ግን እንግዳ ደጅ አይቆምም ብለው አስገቧቸው። ምግብ ቀረበ። ደስታነሽ ጴንጤ ከሆነች ጀምሮ የተዝካር ምግብ ቀምሳ አታውቅም። ኤልናታን አያት፤ እሷ እጇን ታጥባ ቆረሰች፣ እሱም ተከተላት። አክስትየዋ ይኼን ሲያዩ ጓዳ በር ላይ ተሸጉጣ የቆመችውን ሮማንን ጠርተው ለሰዎቹ ውኃ አምጪላቸው አሏት። ሮማን ጣሳውን ይዛ ስትመጣ አክስቶቿ መንገድ ለቀቁላት።

ኤልናታን ቃሉን ጠብቆ ጻፈ። የሳቁበት ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኗን አዋረድክ፣ ደግሞም ተዝካር በላህ ብለው ገሠጹት። ለተወሰኑ ሳምንታት እንግዳ ማስነሣቱ ቀረ፤ በኋላ ከዓመታዊው ጉባኤ በፊት ፎቶውም ጭብጨባውም ተመለሰ። ጌታቸው ቂሙን በአንድ ቀን አልተወውም። መጀመሪያ እህቱን ያናገራት ስለ ጨርቅ ማራገፍ ነበር፤ እየቆየ ግን ምሳ አብረው መብላት ጀመሩ። ሮማን ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን ተመልሳ አልመጣችም፣ ደስታነሽም አልደወለችላትም።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ደስታነሽ ለኤልናታን የበሩን አገልግሎት ለሌላ ሰው እንዲሰጥላት ነገረችው። የታመሙትን ቤት ለቤት መጠየቅ እንደሚሻላት አስረዳችው። ይቆዩልኝ ብሎ አልለመናትም። አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ይኼን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻሉት?" አላት።

"እኔ እንጃ፣ ልጄ" አለችው።

ባጃጅ እስኪመጣላት ድረስ ሁለቱም እዚያው ተቀመጡ።