ተባረኪ ያላት ጠዋት

ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ ትሪው ላይ ፈሰሰ። የአናጢው እህት «ውይ፣ ይቅርታ» ብላ ጨርቅ ፍለጋ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሴቶች ተያዩ።

«እጇን አያችሁት? ሐዘን እኮ ነው። አክስትም እናት ናት» አለች አንዷ።

ጎረቤቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጅቷን ኪኒን ነው የገደላት አሉ። ሱስ ሆኖባት።»

ጥግ የተቀመጠው አናጢ ሰማ። ልጁን ትናንት የቀበረ ሰው ከማን ጋር ይሟገታል?

ልጁ ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ ሳቋ መንገድ ማዶ የሚሰማ፣ ሙሽራ ስታሰማምር ከሙሽራዋ ብሳ የምትሽኮረመም። የተሳፈረችበት ሚኒባስ ከተገለበጠ ወዲህ ግን ዓይኗን በከደነች ቁጥር መስታወት ሲረግፍ እየተሰማት እንቅልፍ ከዳት። ሐኪም ኪኒን አዘዘላት። ተኛች፤ አባቷም እፎይ አለ። ለጥቂት ጊዜ የተባለው ኪኒን ግን ሳይቆም ከረመ። አንዱ አልበቃ ብሎ ሁለት፣ ሁለቱም አልበቃ አለ። መቀስ ከእጇ ይወድቅ፣ የደንበኞቿ ስም ይጠፋባት ጀመር።

አንድ ጠዋት አናጢው መጋዙን አቁሞ ቀና ሲል የሥራ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ የምሥራች! ሁሉንም ሽንት ቤት ደፋሁት። ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ!»

«የኔ ጀግና! ተባረኪ!» ብሎ ብናኝ በለበሰ እጁ አቅፎ ግንባሯን ሳማት። ያን ቀን ሲያፏጭ ዋለ።

በማግስቱ እጇ ይንቀጠቀጥ፣ ላብ ያጠምቃት ጀመር። «መርዙ እየወጣ ነው፤ ቻል አድርጊው» አላት። ቻለችው። ቁርስ ላይ ሰውነቷ ተገትሮ ከወንበሯ እስክትወድቅ ድረስ ቻለችው። ሆስፒታል ሲደርሱ ነገር አልፎ ነበር። ተረኛዋ ሐኪም አባትየውን ለብቻው አስቀምጣ፣ «አባቴ፣ ይህ ኪኒን በአንዴ አይቆምም። ሰውነት ለምዶታል። በሐኪም ክትትል ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ ነው የሚተወው» አለችው። እሱ ግን የሚሰማው የገዛ ቃሉ ብቻ ነበር፦ ተባረኪ።

እህቱ ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ የእሷ ግንባር ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል። አናጢው ክው አለ። ይህን የእጅ መንቀጥቀጥ ያውቀዋል። ተነሥቶ ወደ ጓዳ ወሰዳት።

«እታለም፣ እንዳትዋሺኝ። አንቺም ትወስጂያለሽ?»

«ጋሼ...» እንባዋ ቀደማት። «ባሌ ከሞተ ጀምሮ። የሷን ሳይ ፈርቼ፣ ትናንት ከቀብር እንደተመለስን ሁሉንም ጣልኩት። ያልፋል፣ አትጨነቅ።»

«አያልፍም! ጫማሽን አድርጊ።»

«እንግዳ ጥለን? ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል! ሁለተኛ ሬሳ የምሸከምበት ትከሻ የለኝም።»

ክንዷን ይዞ በእንግዶቹ መሀል ሲያልፍ ጎረቤቲቱ ደንግጣ ተነሣች። «ወዴት ነው?»

«ሐኪም ቤት። ልጄ የሞተችው ልትድን ስትል ነው። ብቻዋን፣ በአንዴ ስለተወችው። እሷንም እንዳላጣት።»

ሴትየዋ አንገቷን ደፋች። «ሂዱ፤ ቤቱን እኛ እንጠብቃለን» አለች።

ሐኪሟ ገና ከበር ስታየው አወቀችው። እህቱን አስተኝታ ኪኒኑን መልሳ አስጀመረቻት። መንቀጥቀጡ ሲበርድላት እንዴት እየተቆነጠረ እንደሚቀነስ ለሁለቱም አስረዳቻቸው። «ወራት ሊፈጅ ይችላል። መቸኮል የለም። ብቻዋንም አትደር።»

«እኔ ጋ ናት» አለ አናጢው።

ቤት ውስጥ ያለው ትርፍ አልጋ የልጁ ብቻ ነው። እስካሁን ማንንም አላስነካም። እህቱ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ እኔ መሬት ላይ ይበቃኛል» አለችው።

እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የትራሱን ልብስ ማውለቅ ጀመረ። የልጁ የፀጉር ቅባት ሽታ ገና አለቀቀውም። ፊቱን ቀበረበት። ከዚያ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ያዘና፣ በነፃ እጁ ለእህቱ ትራሱን የታጠበ ልብስ አለበሰላት።