ቀማሽ ያጣ ወተት

«ዞር በሉ!» ብሎ ውበቱ ሳይጨርስ ላስቲኳ ፈነዳችና ግማሽ ሊትር ውሃ ከግንባሩ እስከ ቱታው ኪስ አለበሰችው። አዲሱ የማሸጊያ ማሽን ግን ምንም እንዳላጠፋ ሁሉ ቀጣዩን ላስቲክ ሞልቶ፣ አሽጎ፣ ቆርጦ ጣለ።

«ጥምቀት አምልጦህ ከነበረ ይኸው ደረሰህ» አሉ ሽማግሌው ሠራተኛ ጋሽ እንዳለ፣ ከማሽኑ ሥር ሳጥን ይዘው እንደቆሙ።

ውበቱ ማሽኑን ሊተክልና ሊያስጀምር ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ነው። ፊቱን በክንዱ ጠረገና «የማጣበቂያው ሙቀት አንሷል» ብሎ ቁልፉን ትንሽ አዞረው። ከዚያ ወዲያ የወጡት ላስቲኮች ጸባያቸው አማረ። አንዷን መሬት ላይ አስተኝቶ በሁለት እግሩ ቆመባት፤ ጠብ ያለ ውሃ የለም።

«እትዬ የብርጓል፣ እርስዎም ይሞክሯት።»

«እኔ ከቆምኩባትማ ፈተና መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ይሆንባታል» አለች የብርጓል፣ ሰፊ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን እንደ ወትሮው ከሆዷ አልወጣም። ጠዋት ከቤቷ ከወጣች ጀምሮ በልቧ የሚመላለሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አስያ።

ደብረ ማርቆስ ዳር ያለችውን ይህችን የወተት ማቀነባበሪያ የብርጓል ከማኅበር ጓደኞቿ ጋር ነው ያቋቋመቻት። ወተቱ በየጠዋቱ ከሮብ ገበያ በኩል ይመጣል፤ የዚያ አካባቢ ሴቶች ገና ጎህ ሳይቀድ በጮቄ ተራራ ብርድ ጣታቸው እየደነዘዘ ያለቡት ነው። አምና አንድ አሮጌ ማሽን ገዝተው በዐቢይ ጾም ሥራ ጀመሩ። ጾም ሲገባ ወተት ይተርፋል፤ ማሽን ለመሞከር ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ሙስሊሙ ጎረቤት ደግሞ ረመዳን ይዞ ስለነበር ለማፍጠሪያ ወተት ይፈልጋል። የብርጓል ወተቱን በምላሷ ጫፍ ነካ አድርጋ ተፋችና «መልካም ነው» ብላ ከሁሉ አስቀድማ ለአስያ ላከች። አስያ የልጅነት ጓደኛዋ ናት። ከተማው ገበያ አጠገብ ሱቅ አላት፤ እሷ የሸጠችውን ነገር ማንም አገላብጦ አያይም።

በማግስቱ አስያ ሳጥኑን በባጃጅ አስጭና መጣች። አልጮኸችም። «የብርጓል፣ ይህን ለእንግዳ አቀረብኩት» ብቻ አለችና ሄደች። ወተቱ ምላስ ላይ ደህና ነው፤ ሲዋጥ ግን የማጠቢያ መድኃኒት ሽታ ከጉሮሮ ተመልሶ ይመጣል። ብትሰድባት በተሻላት ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ የአንዷ እግር የሌላዋን ደጃፍ ግን አልረገጠም። የብርጓል ዓመቱን ሙሉ አፍራ ከረመች፤ ከማፈሯም በላይ አስያ ናፍቃታለች።

የውሃው ሙከራ ሲያልቅ ቧንቧው በመድኃኒት ታጠበ፣ ታለቀለቀ፣ ወተቱ ገባ። ውበቱ ማሽኑን እያስነሳ «ጋሼ፣ መጀመሪያ የሚወጡትን ይድፏቸው! የማጠቢያው ርዝራዥ አይጠፋቸውም!» ሲል ጮኸ።

«እሺ» አሉ ጋሽ እንዳለ።

ነጫጭ ላስቲኮች እየተከታተሉ ወረዱ፤ ሳጥኖቹም አንድ በአንድ ሞሉ። ውበቱ መዘነ፣ ጨመቀ፣ ዘቀዘቀ፣ የታተመውን ቀን በብርሃን አየ። ከዚያ የርክክቡን ወረቀት አወጣ።

«በቃ፣ ይቅመሱትና ይፈርሙልኝ። የአዲስ አበባው መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣል፤ የአባይን በረሃ በብርሃን መሻገር አለብን።»

የብርጓል አንዷን ላስቲክ ቀድዳ ወተቱን በብርጭቆ ሰጠችው። «ቅመሰዋ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

ውበቱ ብርጭቆውን ፍም ሞልተው የሰጡት ይመስል ወደ ኋላ ሸሸ። «ኧረ እትዬ፣ ጾም ነው እኮ! እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ።»

የብርጓል ክው አለች። ይህን ቀን ስትቆርጥ ያላሰበችበት ነገር አልነበረም፤ መብራቱ፣ ወተቱ፣ ላስቲኩ። ቀማሹ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይመጣል ብላ ነበር የተማመነችው፤ የከተማ ልጅ ጾም ላይ ላላ ማለቱ አይቀርም ብላ። የመጣው ልጅ ግን ከሁላቸውም የከፋ ጾመኛ ሆኖ አረፈው።

«አዲስ አበባም ይጾማል እንዴ?» አሉ ጋሽ እንዳለ።

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ? እኛ ክርስትና አልተነሣንም?»

«አትቆጣ፣ ለማወቅ ነው።» ጋሽ እንዳለ ወደ በሩ ዞሩ። «ቆይ ግን፣ ኻሊድ አለ አይደል! ኻሊድ! ና እስቲ ወተት ጠጣ!»

ኻሊድ ወተቱን ወደየሱቁ የሚያደርሰው ባለ ባጃጅ ነው። እየሳቀ ገባ፣ ብርጭቆውን ተቀበለ፣ ወደ አፉ አስጠጋ። ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ደርቆ ቀረ።

«እናንተ ሰዎች! ረመዳን እኮ ነው! ጾሜን ልታስፈርሱኝ ነው?»

መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ኻሊድ ነበር፤ ከዚያ ሁሉም ተከተሉት። በሳጥን የተደረደረ ወተት መሐል ቆመው አንድም የሚጠጣ ሰው የለም።

«የልጄን ልጅ መቅዲን ላምጣት?» አሉ ጋሽ እንዳለ። «ገና አራት ዓመቷ ነው፣ አትጾም።»

«መቅዲ ሳሙና አሟሙተው ቢሰጧትም ጨምሩልኝ ነው የምትል» አለች የብርጓል። «ደግሞስ ምን እንዳለበት ያላወቅነውን ለሕፃን ልናጠጣ?»

«እንግዲያው ቀምሰው ይትፉት» አለ ውበቱ፣ ሰዓቱን እያየ።

«አምና ቀምሼ ተፍቼው ነው ጉድ የሆንኩት። ይሄ ሽታ ካልተዋጠ አይታወቅም።»

«እትዬ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብዎ እንጂ ማሽኑ አዲስ ነው። መለኪያው ሁሉ ደህና ይላል።»

«መለኪያህ ወተት ይጠጣል?»

ውበቱ የርክክቡን ወረቀት መልሶ አጠፈ።

«ማታ ስናፈጥር እኔ እጠጣዋለሁ» አለ ኻሊድ። «ግን እኔ ደህና ነው ብል ማን ያምነኛል? እትዬ አስያ ካልጠጡት...» ብሎ የብርጓልን ፊት ሲያይ ቀሪውን ዋጠው።

የብርጓል ብርጭቆውን ከኻሊድ እጅ ተቀበለች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች። «ባጃጅህን አስነሳ።»

«እኔስ?» አለ ውበቱ። «ሳይፈርሙ ብሄድ አለቃዬ ምን ይለኛል?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሽ እንዳለ ሽሮ ያበሉሃል። ነገ ማለዳ ትሄዳለህ።»

አስያ ሱቋ ውስጥ ስኳር እየመዘነች ነበር። የብርጓልን ስታይ ቀና አለች፤ ሚዛኑን ግን አልለቀቀችም።

«እንደምን ዋልሽ አስያ?»

«አልሐምዱሊላህ። ግቢ፣ በር ላይ አትቁሚ።»

የብርጓል ገባች። ከባንኮኒው ጥግ ያለችው በርጩማ ያችው ናት፤ አንድ እግሯ አጠር የምትለው። ልማዷን ስለምታውቀው ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ተቀመጠችባት።

«አዲስ ማሽን ተከልን።»

«ሰምቻለሁ። ዘንድሮም በጾም?»

«ዘንድሮም በጾም።»

«ማን ቀመሰው?»

«ማንም።»

አስያ የስኳሩን ማንኪያ አስቀመጠች። «ማንም ያልቀመሰውን ልትሸጪልኝ መጣሽ?»

«ልሸጥልሽ አልመጣሁም። እንድትፈርጂ ነው። ዛሬ ማታ እዚያው መጥተሽ አፍጥሪ። መጥፎ ከሆነ ሰው ሁሉ ባለበት ተናገሪ።»

«ሰው ሁሉ ባለበት?»

«አምና ለብቻዬ ነግረሽኝ ይኸው ዓመት ሙሉ ሲያንገበግበኝ ከረመ።»

አስያ የብርጓልን አየቻት፣ በር ላይ የቆመውን ኻሊድን አየችው፣ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቁ ግን አመለጣት። «እናንተም ጾመኛ፣ እኛም ጾመኛ! ከዚህ ሁሉ ሰው ወተት የሚጠጣ ጠፋ?»

«የቀረችው ድመቷ ናት።»

«እና ከድመቷ ቀጥሎ እኔን አሰባችሁ!» አለች አስያ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እመጣለሁ፤ ማታ እንግዶች አሉብኝ፣ ካፈጠርኩ በኋላ እመለሳለሁ። ግን እወቂ፣ ባይጥመኝ ጥሞኛል አልልም» አለቻት።

«እሱን አውቄ አይደል የመጣሁብሽ» አለች የብርጓል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አስያ ተምሯንና የውሃ ኮዳዋን በዘንቢል ይዛ ከኻሊድ ባጃጅ ወረደች። ከማሽኑ አጠገብ ወንበር ተዘጋጅቶላታል። መኪናው ጥሎት የሄደው ውበቱ ሽሮውን በልቶ ቀለሙ መለስ ብሏል፤ ሆኖም ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው እጁን የሚያደርግበት አጥቷል። የብርጓል ከአንዱ ሳጥን አንድ ላስቲክ አንሥታ በብርጭቆ ቀዳች።

አዛኑ ከከተማው ተሰማ። አስያና ኻሊድ ተምር ተካፈሉ፣ ውሃ ተጎነጩ። ከዚያ አስያ «ቢስሚላህ» ብላ ወተቱን ጠጣች። ግማሹን አድርሳ ብርጭቆውን ዝቅ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጠበቀች።

«አለ» አለች አስያ።

«ምኑ?»

«ሽታው። እንደ አምናው አይደለም፣ ትንሽ ነው። ግን አለ።»

የብርጓል የማሽኑን ጠርዝ ያዘች። ውበቱ ወደ ቧንቧው ሮጠ፣ አሸተተ፣ ተመለሰ። «አይሆንም! በደንብ ነው ያለቀለቅኩት! ከመጀመሪያዎቹ በቀር...» አለና ድንገት ዞረ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የወጡትን ደፍተዋቸዋል አይደል?»

ጋሽ እንዳለ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ወተት?» አሉ። «ወተት ይደፋል እንዴ ልጄ? ውሃ መስሎኝ እሺ አልኩ። ነጩን ሳይ ግን እጄ እምቢ አለኝ። እግዜርስ ምን ይላል?»

«የት አደረጓቸው ታዲያ?»

«አንድ ቦታ እንዳይበዙ ብዬ በየሳጥኑ አከፋፈልኳቸው።»

ውበቱ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ኻሊድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የብርጓል ሌላ ላስቲክ ከፈተች። አስያ አፏን በውሃ ተጉመጥምጣ ጠጣች፣ ጠበቀች፣ እስከ መጨረሻው ጨለጠችው። ሦስተኛም ተከፈተ፤ ከሱም ጠጣች።

«ይሄማ ወተት ነው» አለች በላይኛው ከንፈሯ ላይ ነጭ ይዛ። «ሣሩ ሁሉ ይታወቃል።»

«አላልኩም?» አለ ውበቱ፣ የማሽኑን ጎን መታ መታ እያደረገ። «ማሽኑ ደህና ነው!»

«ማሽንህ ደህና ነው» አለች የብርጓልም። ብዕሩን ተቀበለችውና ፈረመችለት። ደስታው መጥቶላት ነበር፤ ግን ሳጥኖቹን ስታይ ግማሹ ተመልሶ ሄደ።

ውበቱ ዓይኗን ተከትሎ ሳጥኖቹን አየ። «ከዚህ ሁሉ መጥፎዎቹ ጥቂት ናቸው እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ያውም ሽታው እምብዛም ነው። ብዙ ሰው ልብም አይለው።»

እውነቱን ነው፤ ግን መጥፎዋን ከደህናዋ ጠጥቶ እንጂ አይቶ መለየት አይቻልም። የብርጓል ሴቶቹን አሰበች፤ ሌሊት ተነሥተው ያለቡትን፣ በጭቃ ተሸክመው መንገድ ያደረሱትን። ወተት የሚደፋ እጅ አይባረክም ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። አስያ ባዶውን ብርጭቆ ጭኗ ላይ አድርጋ ታያታለች።

የብርጓል ከጠረጴዛው ላይ መቀሱን አነሣች። የመጀመሪያውን ሳጥን ወደ መፍሰሻው ቦይ ጎትታ በርከክ አለችና አንዷን ላስቲክ ቀደደቻት። ነጩ ወተት በሲሚንቶው ላይ ሮጠ።

«ወይኔ!» አሉ ጋሽ እንዳለ፣ ዓይናቸውን በኮፍያቸው ሸፍነው። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ነው።»

«አይደለም ጋሼ። እኔም ብሆን እጄ እምቢ ይለኝ ነበር» አለች የብርጓል፣ ሁለተኛዋን እየቀደደች። «አሁንም እምቢ እያለኝ ነው።» ሦስተኛዋን ቀደደች። ከዚያ ቀና ሳትል «አስያ፣ ለዛሬ ለእንግዶችሽ የምሰጥሽ የለኝም» አለች።

«ውሃ ይጠጣሉ» አለች አስያ። «ወተቱ ነገ ነው እላቸዋለሁ።»

ወንበሩ ተንቀጫቀጨ። አስያ ተነሥታ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ከየብርጓል ጎን ቁጢጥ አለች፣ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ጠቀለለች።

«ሌላ መቀስ የላችሁም?»