ወደ ዝግባው ጫካ

በለጥሽ የአባቷን ሞት የሰማችው ጆሃንስበርግ ዳር፣ አይቮሪ ፓርክ ባለው ሱቃቸው ውስጥ ለደንበኛ ዳቦ ስታቀብል ነው። ስልኩን ዘጋች፣ ለሰውዬው መልሱን ሰጠችውና የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ትውልድ አገሯ ማሻ ሄዳ ማልቀስ አትችልም፤ በጥገኝነት ወረቀት የሚኖር ሰው አገሩ ከገባ ወረቀቱ አይታደስለትም። የቤተክርስቲያን ሰዎች መጥተው ጸለዩ፣ ዘመሩ፣ አጽናኗት። እንባ ግን አልመጣላትም።

"ምን ብዬ ላልቅስ? እዚህ አባቴን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም" አለችው ባሏን።

ዱካሞ የሆሳዕና ልጅ ነው። አማቱን አቶ ማናሴን የሚያውቃቸው በስልክ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅለው ማር የሚቆርጡ ሰው ነበሩ፤ በደወለ ቁጥር "ልጅቷን ይዛችሁ ኑ እንጂ" ይሉት ነበር። ልጅቷ ፊቤ እዚሁ ተወልዳ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። አያቷን አንድም ቀን አላየቻቸውም።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ወዳጃቸው ዶክተር መርዕድ ዱካሞን በር ላይ ለብቻው አናገረው። "በሰሜን በኩል ተራራ ላይ ጫካ አለ። ጭጋጉ ቁርጥ የበለጥሽን አገር ነው። ካራቫኔን ውሰድና አሳያት።"

ሱቁን ለዘመድ አደራ ሰጥተው፣ ያቺን በጎማ ላይ ያለች ቤት ከመኪናቸው ኋላ አስረው ወጡ። ነሐሴ ነው፤ እዚህ ነሐሴ ብርድ እንጂ ዝናብ የለውም። ከከተማው ሲርቁ ግራና ቀኙ ቢጫ ሣር፣ እሾሃማ ግራርና ቀይ አቧራ ብቻ ሆነ።

"በዚህ መንገድ ነው የገባሁት" አለ ዱካሞ። "የጭነት መኪና ሸራ ሥር ተጋድሜ። አገሩን ዛሬ ገና አየሁት።"

"ሲሪየስ አባዬ? ነግረኸኝ አታውቅም እኮ!" አለች ፊቤ።

"ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

ፖሎክዋኔ የተባለችውን ከተማ እንዳለፉ የካራቫኑ ጎማ ፈነዳ። ዱካሞ አቧራ ላይ ተንበርክኮ እስኪቀይር በለጥሽ ግራር ሥር ተቀምጣ አድማሱን አየች። ውሃ ሲያቀብሏት እንኳ ሳትጠጣ አጠገቧ አስቀመጠችው። ዱካሞ ባላመጣኋት ኖሮ ብሎ በሆዱ ተጸጸተ።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተራራ መውጣት ጀመረ። አየሩ ቀዘቀዘ፣ ጭጋግ መስታወቱን አለበሰው፤ ከዚያ ዛፎቹ ከሁለቱም ወገን መጡ። በለጥሽ መስኮቱን ከፈተች። የረጠበ ቅጠልና የሻገተ እንጨት ሽታ ገባ።

"አቁም" አለች።

ወርዳ ጫካው ውስጥ ገባች፤ ተከተሏት። አንድ ግዙፍ ዛፍ ሥር ቆማ ቅርፊቱን በመዳፏ ዳበሰችው።

"ዝግባ ነው። ዱካሞ፣ ዝግባ እኮ ነው! አባዬ የሚወጣው እንዲህ ያለው ላይ ነበር።"

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ አባቷን በስማቸው እየጠራች በእናቷ ቋንቋ ሙሾ ማውረድ ጀመረች። ዱካሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ፊቤ ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷት የእናቷን ክንድ ያዘች።

እንጨት የተሸከመች አሮጊት ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለችና ቆመች። ማን እንደሞተ ፊቤን በተሰባበረ የዙሉ ቋንቋ ጠየቀቻት። "አያቴ" አለች ፊቤ። አሮጊቷ ሸክሟን አወረደች፣ መጥታ በለጥሽ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እጇንም ያዘች። አብራ አለቀሰች።

ሁለቱም ዝም ሲሉ አሮጊቷ ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጠየቀች። በለጥሽ ተናገረች፤ ፊቤም በዙሉ አስተረጎመች። በገመድ እንዴት ዛፍ እንደሚወጡ፤ ንቡን የሚያባርሩበት ጢስ ሲያፍናቸው ከላይ ሆነው እንዴት እንደሚቀልዱ፤ የመጀመሪያውን የማር እንጀራ ሁልጊዜ ለጎረቤት ልጆች እንደሚቆርሱ። አንድ ቦታ ላይ ፊቤ ትርጉሙን ትታ ራሷ ጠየቀች፦ "ቆይ እማዬ፣ ንብ አይነድፋቸውም ነበር?"

"ይነድፈዋል እንጂ! ፊቱ አብጦ ሲመጣ እናቴ አታውቀውም ነበር" አለች በለጥሽ፤ ከአባቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። አሮጊቷም ትርጉሙን ሳትጠብቅ ሳቀች።

ያን ሌሊት ካራቫኑ ውስጥ ጣሪያው ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ እየሰሙ ተኙ። በማግስቱ ወደ ጆሃንስበርግ ሲመለሱ ፊቤ ከፊት፣ ከእናቷ ጎን ካልተቀመጥኩ ብላ ተጨናንቀው ሄዱ። በለጥሽ ስለ ማሻ ታወራለች፣ ልጅቷ ትጠይቃለች፤ ዱካሞ እየሰማቸው ይነዳል።