አልታመምኩም

ሦስተኛው ገቢር ላይ፣ ዘፈኑ ከፍ በሚልበት ቦታ፣ የዶክተሯ ድምፅ ተሰነጠቀ። ባንዱ ቀድሟት ሄደ፤ ልትደርስበት ሮጠች፤ ሳትደርስ ዘፈኑ አለቀ። ተመልካቹ አጨበጨበ። ጭብጨባው የሐዘኔታ መሆኑን ከመጋረጃው ጀርባ የቆመችው ተጠባባቂ ዘፋኝ ወዲያው ለየችው፤ ዕድሜዋን መድረክ ላይ የጨረሰች ሴት ናትና።

ዶክተሯ እውነተኛ ሐኪም አይደለችም። በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሐኪም ሆና ስለተጫወተች አገር ምድሩ እንዲያ ይጠራታል። ይህ ሙዚቃዊ ተውኔት ሲታሰብ ዋናው ሚና የዘፋኟ ነበር። ኋላ አዳራሽ የሚሞላ ፊት ያስፈልጋል ተባለና ሚናው ለዶክተሯ ተሰጠ፤ ዘፋኟም የዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጎረቤት የሆነችውን ሴት ትንሽ ሚና ይዛ ተጠባባቂ ሆነች። ቤቷ ገብታ ለባሏ ምንም እንዳልመሰላት ነገረችው። ባሏም ያመናት መሰለ።

ስለዚህ ያ ድምፅ ሲሰነጠቅ ደስ አላት። ደስ እንዳላት ስታውቅ ደግሞ አፈረች።

በማግሥቱ ረፋድ አዘጋጁ ሁለቱን መልበሻ ክፍል ጠራቸው። ጋዜጦቹ ዶክተሯን አልማሯትም ነበር። አዘጋጁ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሄዶ፣ ጉንፋን ይዞሻል ተብሎ ይነገርና ዘፋኟ ትተካሽ፣ ለስምሽም የሚሻለው ይኸው ነው አላት።

«አልታመምኩም» አለች ዶክተሯ። «አልቻልኩም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።»

ከዚያ ወደ ዘፋኟ ዞረች።

«እትዬ፣ ቦታው መጀመሪያም የእርስዎ እንደነበረ የሰማሁት ትናንት ነው። ቀድሞ ቢነገረኝ አልነካውም ነበር።»

ዘፋኟ ለዚህች ቀን ያስቀመጠችውን ቂም ፈልጋ አጣችው።

«ከባድ ዘፈን ነው» አለቻት። «እኔንም ስንቴ ጥሎኛል።»

ዶክተሯ ከተውኔቱ እንደማትወጣ፣ የጎረቤቲቱን ሚና እሷ እንደምትወስድ ተናገረች። ጎረቤቲቱ አትዘፍንም፤ በሯ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች እንጂ። አዘጋጁ ጭንቅላቱን ያዘ። አንቺን ብሎ ለሚመጣው ሰው ምን ይባላል ቢላት፣ እሱን ለእኔ ተወው አለችው።

ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ሳይከፈት ብቻዋን ወጣች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቃ፣ ትናንት ዘፈኑን እንዳበላሸችው፣ ዛሬ የሚችለው ሰው እንደሚዘፍነው፣ እሷም እዚያው መድረክ ላይ እንደምትሆን ነገረቻቸው። አንዳንዱ አጉረመረመ። ከፊት ረድፍ ባልና ሚስት ተነስተው ሲወጡ፣ በሩ እስኪዘጋላቸው በክብር ቆማ ጠበቀች። ወደ መጋረጃው ጀርባ ስትመለስ ዘፋኟ እጇን ያዘቻት።

ሦስተኛው ገቢር ደረሰ። ዘፋኟ ስትጀምር የሰዉ ዐይን አሁንም ዶክተሯ ላይ ተተክሏል፤ ምን ያድርግ፣ በየሳሎኑ ስንት ዓመት ያያት ፊት ነው። ዶክተሯ በሩ ላይ እንደተቀመጠች ቀና አለችና ዘፋኟን ማየት ያዘች። ሌላ ምንም አላደረገች። ግን በዓለም ላይ ከዚህ ዘፈን በቀር የሚሰማ ነገር የሌለ ያህል ነበር አስተያየቷ። የአዳራሹ ዐይን አንድ በአንድ ያየችውን ተከትሎ ሲዞር፣ ዘፋኟ ፊቷ ላይ ሙቀት ሲያርፍ ተሰማት። ይህን እኔ አልችልም፣ አለች በልቧ፤ ሳትዘፍን እኮ እየዘፈነች ነው።

ዘፈኑ ከፍ የሚልበት ቦታ ቀረበ። ዘፋኟ ደረቷ እስኪሞላ አየር ሳበች።