የአባ ኤቢሴ በግ

አዳማ ላይ ሙቀት ሲበረታ ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ሰው እግር ስር ይገባል። ይህን ያለው ባጃጅ ነጂው ፉፋ ነው፤ ፉፋ ካለ ደግሞ ግማሹን ብቻ ማመን ለጤናም ጥሩ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ አንዲት ሴት ድንገት ፊቷ ቢነድ፣ አንገቷ ላይ ላብ ቢንቆረቆር፣ ማን ልብ ይላል? ሚስቱ ተሻለችም ልብ አላለችም። ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ እሳቱ ከደረቷ ሲነሳ "የዘንድሮስ አልተቻለም" እያለች በካርቶን ክዳን ታራግባለች፣ ጎረቤት ነጋዴዎቹም "ኧረ አልተቻለም" እያሉ አብረዋት ያራግባሉ። ከመኝታዋ አንሶላውን ገፍትራ ስትነሳ ፉፋ፣ "ሶደሬ ፍል ውኃ የሚመነጨው ከኛ አልጋ ስር መሆኑን መንግሥት ቢሰማ እኮ ቤቱን ይወስድብናል!" ብሎ ይገለበጣል።

ነገሩ የተገለጠው በአሰላ መንገድ፣ ሁሩታ ላይ ነው። እህቷ ዘርፉ ልጇን ስትድር፣ ሰው ሁሉ ከብርዱ የተነሳ ጋቢ ደርቦ ጥርሱን ሲያንገጫግጭ፣ ተሻለች ነጠላዋን ጥላ በሰፌድ ታራግብ ነበር። ዘርፉ ጠጋ ብላ አየቻትና፣ "አንቺ፣ የአዳማን ሙቀት በፌስታል ቋጥረሽ መጣሽ እንዴ?" አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። ተሻለችም ሳቀች፤ ሰፌዱን ግን አስቀምጣ ማሰላሰል ያዘች። የወር አበባዋ ከጠፋ ሰንብቷል። እንቅልፍ ሸሽቷታል። በቀደም ለት አንዷን ደንበኛ "ካልገዛሽ እጅሽን ከበርበሬዬ ላይ አንሺ!" ብላ ጮኻባት፣ ወዲያው ራሷ ተቀምጣ አልቅሳለች። ሙቀቱ የከተማው ሳይሆን የራሷ መሆኑ ገባት።

የገባትን ግን ለፉፋ መንገር አቃታት። ለምን ቢሉ፣ ኤቢሴ አለቻ!

ኤቢሴ አልተወለደችም። የፉፋ ሟች እናት ስም ነው። "ሴት ልጅ ስወልድ እናቴን መልሼ እጠራታለሁ" ብሎ ምሏል፤ የወለዱት ግን ምንተስኖትን ብቻ ነው፣ እሱም አድጎ ሐዋሳ ሥራ ይዟል። ፉፋ ተስፋ አልቆረጠም። የባጃጅ ተራ ላይ ቆሞ ዛሬ ኤቢሴ ጥርስ አበቀለች፣ ዛሬ አስተማሪዋን በሒሳብ ረታች እያለ ያወራል። ተራው ሁሉ "አባ ኤቢሴ" ነው የሚለው። ተሻለችንም ቤት ውስጥ "ሃዳ ኤቢሴ"፣ የኤቢሴ እናት፣ ይላታል። ያልተወለደች ልጅ እናት ሆና ነው የኖረችው፤ አሁን በየት በኩል "ልጅህ ቀረች" ትበለው?

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄደች። ፉፋ ከመስኮቱ ስር ባጃጁን ሳያጠፋ ጠበቃት።

"እትዬ ተሻለች፣ አይደንግጡ፤ ይሄ ማረጥ ነው" አለቻት ሲስተር ኑሰይባ። "ሆርሞንዎ እየቀነሰ ነው። ምግብ እንደ ድሮው አይመልሰውም፣ ግን ያግዛል። ተልባ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ጎመን ያዘውትሩ፤ ለአጥንትዎ ደግሞ ወተት። ቡናና ስኳር ይቀንሱ። በርበሬም እሳቱን ይቆሰቁሰዋል።"

"እኔ እኮ በርበሬ ነጋዴ ነኝ!"

"ይሽጡ፣ አይብሉ። ካልቀለለዎት ይመለሱ፤ መድኃኒትም አለ።"

መንገድ ላይ ፉፋ፣ "ምን አለችሽ?" አላት።

"ምንም። ሙቀት ነው አለችኝ።"

"እንዴት ምንም? በመስኮት ሰምቻለሁ እኮ!" በመስታወቱ ሲያያት ጥርስ በጥርስ ሆኗል።

"ሰምተሃል?"

"ጆሮ የለኝም እንዴ? ምን ያስደብቃል! እንዲያውም ጎረቤት እንጠራለን።"

"ጎረቤት?"

"ታዲያ ለሁለት ሰው ይበዛል እኮ!"

በር ላይ አወረዳትና ባጃጁን አዙሮ በረረ። ተሻለች እንደቆመች ቀረች። ሰምቶ ሳቀ? ወይስ ኤቢሴን ከሌላ ሴት ሊወልዳት አስቦ ነው እንዲህ የፈነደቀው? እሳቱ ከደረቷ ተነሳ።

ብዙም ሳይቆይ ባጃጁ ተመለሰ። የኋላ ወንበር ላይ፣ ላቱ ከወንበሩ የተረፈ አንድ በግ እንደ ተሳፋሪ ተንደላቆ ተቀምጧል።

"ይኸውልሽ!" አለ ፉፋ። "ሲስተሯ 'ማረድ ነው' ካለች ምን እንጠብቃለን? ጮማ የጠማው ገላ ነው እንዲህ የሚያቃጥልሽ!"

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት በሩን ተደግፋ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሳቁ እየቆየ እንባ ሆነ።

"ማረድ አይደለም ፉፋዬ። ማረጥ ነው ያለችኝ። አርጫለሁ። ኤቢሴ… አትመጣም።"

ይህ ሰው ለትራፊክ ፖሊስ ሳይቀር ተረት አያጣም፤ አሁን ግን የበጉን ገመድ መጠቅለልና መፍታት ያዘ። በጉ ጮኸ። ፉፋ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠና መሬት መሬቱን አየ።

"ከመቼ ጀምሮ ታውቂ ነበር?"

"ከሁሩታው ሠርግ ጀምሮ።"

"እኔ ደግሞ ሶደሬ ምናምን እያልኩ እቀልድብሻለሁ" አለ፤ ለራሱ ነበር የሚያወራው። ቀና አለ። "እሺ፣ ካልታረደስ ምን ብዪ አለችሽ?"

"ተልባ።"

ተነስቶ ራሱ ቆላው። ተልባ ሲቆላ እንደሚንጣጣ ማን ነግሮት! ግማሹ እስከ ዛሬ ጣሪያው ላይ ነው ያለው። የተረፈውን ወቅጦ በጥብጦ፣ ሁለት ጊዜ ቀምሶ፣ ሰጣት።

ተልባው ተአምር አልሠራም። እሳቱ አሁንም ይመጣል፤ ግን እንደ እንግዳ አንኳኩቶ እንጂ እንደ ሌባ ሰብሮ አይገባም። ጎመኑ ይሁን፣ ቡናውን መቀነሷ ይሁን፣ ወይስ ፉፋ ካርቶኑን ነጥቆ ስለሚያራግብላት፣ እንጃ። በጉ ደግሞ የሚያርደው አጥቶ፣ ለእሷ የተከተፈውን ጎመን ሰርቆ ሲያመነዥክ ተያዘ። "በአዳማ ሆርሞኑ የተስተካከለ ቢኖር እሱ ነው" አለች ተሻለች።

ከሁሉ የፈራችው ግን የባጃጅ ተራውን ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ገበያ ሲያደርሳት ባልደረባው ጫምሳ፣ "አባ ኤቢሴ! ልጅት ደህና ናት?" ብሎ ጮኸ። ተሻለች ተልባ የያዘውን ጆግ ወደ ደረቷ አስጠጋች።

ፉፋ መስታወቱን ወደ ኋላ ወንበር አስተካከለና፣ "መጥታ ነበር" አለ። "ሞጆ ድረስ መጥታ፣ ወበቁን ስታየው 'እናቴ የከተማውንም የራሷንም ሙቀት ችላ የለ፣ እኔ ልጨመርባት?' ብላ ተመለሰች።"

ተራው በሳቅ አለቀ። መስታወቱ ውስጥ ግን የፉፋ ዓይን ረጥቧል።

"ታዲያ ከእንግዲህ ማን እንበልህ?" አለ ጫምሳ።

ተሻለች ከኋላ አንገቷን አወጣች። "አባ ኤቢሴ ነዋ! ስም እንደ በርበሬ ቀንሱ አይባልም!" የፉፋን ትከሻ በጣቷ ገፋ አደረገችው። "በል ንዳ፣ አባ ኤቢሴ፤ ተልባዬ ፈሰሰ።"