የተደገፈው ግራናይት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቤቱን እምነ በረድ ማልበስ የፈለገ ሰው ፍቅርአዲስ ዘንድ ይሄዳል። ከመናኸሪያው በታች ባለው ግቢዋ ከባሏ ከውበቱ ጋር ድንጋይ ትሸጣለች፤ እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትመርጣለች። ድሮ የሚሸጡት ከመተከል በኩል የሚመጣውን ነጭ እምነ በረድ ነበር። በዚያ አቅጣጫ መንገዱ ስጋት ሲበዛበት ጭነቱ እየሳሳ ሄዶ ቀረ። ደንበኛውም ጠባዩን ለወጠ፤ ስልኩን አውጥቶ የአዲስ አበባ ሕንፃ ፎቶ እያሳየ «እንዲህ ያለውን፣ የህንዱን ጥቁር» ይል ጀመር። ስለዚህ ባሕር ተሻግሮ በጅቡቲ የሚገባውን ግራናይት ከአንድ የአዲስ አበባ አስመጪ ማዘዝ ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ኮንቴይነር ብቻ አመጡ። ዘንድሮ ገና ኅዳር ሳይወጣ ሦስተኛው ደረሰ።

ይታያል የሚባለው ሹፌር መንገድ ተዘግቶበት ሉማሜ ላይ አምስት ቀን ቆሞ ነበር። ረፋዱ ላይ ግቢው ደርሶ ከመኪናው ሲወርድ ዓይኑ ደም ለብሷል።

«እትዬ ፍቅርአዲስ፣ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት» አላት። «ከሉማሜ ወዲህ ከኋላዬ ሲንቋቋ ነው የመጣው። ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ልቤ ይሰቀል ነበር።»

ሲከፈት ጥቁሮቹ ሰሌዳዎች ብዙ ብዙ ሆነው አንድ ላይ እየታሰሩ በየእስሩ ቆመዋል። አንዱ ሰሌዳ ብቻ ሦስት ኩንታል ግድም ይመዝናል። ደግፎ የያዛቸው የእንጨት ማቀፊያ ግን አንዳንድ ቦታ ምስማሩ ተነቅሎ አፉን ከፍቷል። የጉልበት ሠራተኞቹ ይህን አይተው ወደ ኋላ አሉ። «እኔስ እዚህ ውስጥ አልገባም፣ ልጆች አሉኝ» አለ አንዱ።

አስመጪው በስልክ የነገራት ቃል ግን አንድ ነው፦ ከወረደ በኋላ ተሰበረ ቢሉት አይቀበልም፤ የተሰበረ ካለ እዚያው እንደቆመ ፎቶ ይነሳ። ውበቱ ልግባ ሲል ከለከለችው።

«አንተ በዚያች ክፍተት አታልፍም፣ ደረትህ ይይዝሃል። ሁለት ፎቶ አንስቼ እወጣለሁ።»

«ልጄ፣ ተይው!» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል ተሰማ።

አያ ዓለምነው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በዲማ በኩል ድንጋይ ሲፈልጡና ሲጠርቡ የኖሩ፣ ከሲታ ሽማግሌ። ሰው ግድግዳውን በውጭ ድንጋይ ማልበስ ከጀመረ ወዲህ ሥራ ስለጠፋባቸው፣ ገበያ በወጡ ቁጥር ግቢዋ ጎራ ይሉና ሰሌዳዎቹን በጣታቸው እያንኳኩ «ይቺ ታማለች፣ ይቺ ደህና ናት» ይላሉ። በደንበኛ ፊት ስለሚያደርጉት ፍቅርአዲስ አትወድላቸውም። ዛሬም መልስ ሳትሰጣቸው ነጠላዋን ለውበቱ አቀብላ፣ በጎኗ ሆና በሰሌዳዎቹና በኮንቴይነሩ ግድግዳ መካከል ገባች።

አንድ ፎቶ አነሳች። ሁለተኛውን ልታነሳ ክንዷን ስታነሳ ከራሷ በላይ እንጨት ጧ ሲል ሰማች።

መሮጫ አልነበራትም። እስሩ በሙሉ ወደሷ አዘመመ። ጀርባዋ ከቆርቆሮው ጋር ተጣበቀ፣ ቀኝ ጭኗ ተያዘ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ። ዓይኗን ስትገልጥ፣ የተሰበረው ማቀፊያ አንድ እንጨት ከትከሻዋ አጠገብ ተወትፎ ድንጋዩን ይዞታል። የእንጨቱ ውፍረት ከእጇ አንጓ አይበልጥም።

ውጭ ጩኸት ሆነ። የውበቱ ድምፅ ተለይቶ ተሰማት፦ «ገመድ አምጡ! በመኪና እንሳበው!»

እንዳትስቡ ልትል ፈለገች። ግን ደረቷን ለመንፋት ፈራች። ትንፋሿ እንኳ እንጨቱን የሚያንቀሳቅሰው መሰላት። እንጨቱ በየመሃሉ ጢቅ ይላል፤ በየጢቁ «እመቤቴ፣ አንቺው ድረሽ» ትላለች፣ በከንፈሯ ብቻ።

«ማንም እንዳይነካ!» አሉ አያ ዓለምነው። «ይህን ከሳባችሁት የኋላው ይከተላል። መኪናው ይጥፋ። የመቁረጫ ማሽኑም እንዳይነሳ፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ክሪክ ስጡኝ፣ ሳንቃ ስጡኝ። አንተ፣ ሽብልቅ በእጅ መጋዝ ቁረጥ፣ ከባሕር ዛፉ፣ ብዙ አድርገህ።»

«ማን ይገባል?» አለ ውበቱ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

ቆይቶ ፍቅርአዲስ ወለሉ ላይ ጨርቅ ሲጎተት ሰማች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ክሪኩን በፊታቸው እየገፉ፣ በጎናቸው እየተንፏቀቁ ይመጡ ነበር።

«አለሁ፣ ልጄ። አታናግሪኝ፣ ትንፋሽሽን ያዢው።»

ሳንቃውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ክሪኩን በአግድም በሳንቃውና በድንጋዩ መካከል አስገቡ። አንዴ ይጫኑታል፣ ይሰማሉ፣ የተገኘችው ክፍተት ውስጥ ሽብልቅ ይሰካሉ፣ ደግሞ ይሰማሉ። አንድ እጅ ሥራ፣ አምስት እጅ መስማት። ሽብልቁን የሚያቀብላቸው ውበቱ ሁለት ጊዜ ጣለው።

ላቡ ከአገጫቸው ሲንጠባጠብ አየች። ሳታስበው ቃል ወጣት።

«አያ ዓለምነው፣ ይፈራሉ?»

«እንዴታ! ጉልበቴ እኮ ከድቶኛል፣ ተኝቼ ስለሆነ ነው ያልታወቀብኝ። ድንጋይ የማይፈራ ሰው ድንጋይ አይንካ።»

ይህን የሰማችው ሌላ ሴት ብትሆን ትጽናና ነበር ይሆናል። እሷ ግን ባሰባት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቢያንስ እሳቸው የሚያውቁት ነገር አለ ብላ ነበር።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ድንጋዩ ከጭኗ ሦስት ጣት ያህል ራቀ። ያን ጊዜ የደነዘዘው እግሯ ነፍስ ዘራና ሕመሙ እስከ ጥርሷ ወጣ። ጮኸች። ከጩኸቷ ጋር ከኋላ በኩል ሌላኛው እስር አቃሰተ።

«ሳቧት! አሁን!» አሉ ሽማግሌው።

ውበቱ ክንዷን ይዞ ጎተታት። ብርሃን ፊቷ ላይ ሲፈነዳ፣ አፈሩ ላይ ስትወድቅ፣ «እሳቸውስ?» ብላ ዞረች። አያ ዓለምነው በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳሁ ከኮንቴይነሩ አፍ ብቅ ሲሉ ሹፌሩ ይታያል በእጀ ጠባባቸው ጎትቶ አወረዳቸው። ወዲያው ሽብልቆቹ እንደ ጥይት ተተኮሱ። ሁለቱም እስሮች ግድግዳው ላይ ተደረመሱና ቆርቆሮው ወደ ውጭ አብጦ ቀረ። ጥቁር አቧራ በበሩ ተትጎለጎለ። ለሽማግሌው ውሃ ሰጧቸው።

የፍቅርአዲስ ጭን ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታል ብረት ገባላት፤ ሦስት ወር ተኛች። በመጋቢት በምርኩዝ ስትመለስ የመጀመሪያ ሥራዋ ዲማ ድረስ ሄዳ አያ ዓለምነውን ማየት ነበር። እጃቸውን ስማ፣ ከእነሱ ጋር እንዲሠሩ ለመነቻቸው። ጭነት ሲመጣ ኮንቴይነሩ ውስጥ መገባት አለመገባቱን የሚወስኑት እሳቸው ይሁኑ አለች።

«አይሆንም ልጄ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «እንደዚያ ያለ ነገር ውስጥ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚገባው። እኔ እስካሁን እንቅልፍ አልተመለሰልኝም። በሩ ሲንቋቋ እንኳ እነሳለሁ።»

እሷም ግድግዳ አጠገብ መቆም እንደተወች፣ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ አልጋዋን ወደ መሃል እንዳስወጣች ነገረቻቸው።

በሚያዝያ ቀጣዩ ኮንቴይነር መጣ። ደንበኞች ወራት የጠበቁት ነው። ይታያል አቆመው፣ ውበቱ በሩን ከፈተ። ማቀፊያው ያለ እንከን ይመስል ነበር፤ አንድም ምስማር አልተነቀለም። ውበቱ ገመድ ይዞ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ ሲያስገባ ፍቅርአዲስ ምርኩዟን ጥላ ጮኸች።

«ውበቱ፣ ውጣ! ውጣ ብዬሃለሁ!»

«ምንም የለውም እኮ፣ ፍቅሬ። እይው፣ ደህና ነው።»

«ያኛውም ቆሞ ነበር። ውጣልኝ!»

ወጣ። ባሕር ዳር ደውለው በረጅም ክንዱ ከውጭ ሆኖ የሚያወርድ ማሽን ጠየቁ። መንገዱ ሲከፈት እንልካለን ተባሉ። መቼ እንደሚከፈት ግን የሚያውቅ አልነበረም። ኮንቴይነሩን በተሳቢው ላይ እንዳለ ቆለፉት። አሥራ አንድ ቀን እንደዚያው ቆመ። ቤቱን ጨርሶ ድንጋዩን ብቻ የሚጠብቅ አንድ ሰው በየማለዳው እየመጣ በንዴት ይጮህባታል። እሷም ከኮንቴይነሩ ራቅ ብላ፣ ግቢው መሃል በተቀመጠችበት ወንበር ላይ ሆና፣ «ቤቱ ይጠብቅ» ትለዋለች።